አቶ ቴክማን ሮካና ስማቸው የማይጠራው ሚታቸው

አቶ ቴክማን ሮካ ከአባታቸው ከአቶ ጎሬ ሮካና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሱንማያ በምዕራብ ኔፓል፣ ኩሬዳንዳ በምትባለው ገደላማ መንደር እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር ዘንድ ሁለት ዓመት ፊደል ቆጠሩ። አባታቸው ሲታመሙ ግን እርሻውን ተረከቡና ትምህርቱ በዚያው ቀረ።

በ1963 ዓ.ም. ጨው በፍየል ጭነው ከሰሜን ከሚወርዱት ነጋዴዎች ከአንዱ ጋር ሚት ተባባሉ። ሽማግሌዎች ባሉበት አንዳቸው የሌላውን ግንባር ቀይ ቀቡ፣ ቆብ ተለዋወጡ፣ እጅ ተነሣሡ። ሚት እንዲያው ባልንጀራ ማለት አይደለም። አበልጅ እንዳይባል ክርስትና የለበት፣ ወንድም እንዳይባል ማኅፀን አላገናኘው፤ ከሁለቱም ግን የጠበቀ ነው። የሚት ልጅ ልጅ ነው። ሚት ሲሞት ራስን ተላጭቶ፣ ጨው ሳይቀምሱ አሥራ ሦስት ቀን ሐዘን መቀመጥ ግድ ነው። ስሙን መጥራት ግን በሕይወት እያለም ሆነ ከሞተ በኋላ ነውር ነው፤ የቤት ሰው እንኳ የሚያውቀው ሚት ሲባል ብቻ ነው።

አቶ ቴክማን በ1966 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጁናኪ ጋር ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። በ1972 ዝናብ ቀርቶ መንደሩ ሲራብ፣ ሚታቸው ማንም ሳይጠራቸው በስድስት ፍየል ገብስ ጭነው ከተፍ አሉ። ወይዘሮ ጁናኪ እስከ ዛሬ ልጆቻቸውን "እናንተን ያሳደገው የእሳቸው ገብስ ነው" ይሏቸዋል። ከደቡብ ጨው በመኪና መምጣት ጀምሮ ንግዱ ከሞተ በኋላም ሚታቸው በየዓመቱ ባዶ እጃቸውን ይመጡ ነበር።

በ1999 ቀሩ። አቶ ቴክማን አምስት ቀን ተጉዘው ተራራው ላይ ካለው ኬላ ደረሱ። የኬላው ሹም መዝገቡን ገልጦ፣

"የሚፈልጉት ሰው ስሙ ማነው?" አላቸው።

"ሚቴ ነው።"

"አባቴ፣ እዚህ አገር ሚት የሌለው ማን አለ? ስሙን ይንገሩኝ እንጂ።"

"ስሙማ አይጠራም።"

ሹሙ መዝገቡን ዘጋ። ቤት ሲመለሱ ሁለተኛ ልጃቸው ዲልማያ፣ "አባዬ፣ በጆሮዬ ብቻ ንገረኝ፣ እኔ ሄጄ እጠይቃለሁ" ብላ ብትለምን፣ "ሚቴን በገዛ አፌ አላዋርድም" አሏት። ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ካሉ አይመጡ፣ ከሞቱ መርዶ የለ።

በ2016 ለክትባት የመጣች አንዲት ነርስ ቤታቸው አድራ ስታጫውታቸው፣ ድሮ ከኬላው በታች ባለው ክሊኒክ ስትሠራ የገጠማትን አነሣች። በ1999 አንድ የሰሜን ሽማግሌ፣ ስማቸውን ዘንግታዋለች፣ ውርጭ መትቷቸው አሥራ አንድ ቀን ተኝተው ነበር። "ማንን እንጥራልዎ?" ሲባሉ፣ "ከወንዙ ማዶ ያለውን ሚቴን" ይላሉ። ስሙን ሲጠየቁ ፈገግ ይሉና ዝም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞቱ። ግራ እጃቸው ሁለት ጣት እንደጎደለው ስትናገር አቶ ቴክማን ብድግ ብለው ወጡ፤ የሚታቸው እጅ ነበር። ኬላው ላይ ቆመው በተከራከሩበት ሰሞን ሚታቸው ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ርቀት ተኝተው ነበር።

በማግስቱ ራሳቸውን ተላጭተው አሥራ ሦስቱን ቀን ተቀመጡ። ለቅሶ የደረሰ ጎረቤት ጥቂት ነው። "ሐዘኑ ሻግቷል" ያለም አልጠፋ፤ ይቅር ይበለው።

ከዚያ ወዲህ ምግብ አልበላ አላቸው፣ ደረታቸውም ታመመ። ዲልማያ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ፣ "አባዬ፣ ለሚትህ ልጆች መርዶ የምልከው የማን ልጆች ብዬ ነው?" ስትላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማርች 9 ቀን 2019 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው አረፉ።

አቶ ቴክማን ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። በደንቡ የሚታቸው ልጆችም ልጆቻቸው ናቸው፤ ዛሬ እዚህ ከእኛ ጋር መቆም ነበረባቸው። መርዶ ነጋሪ አልላክንም። የማንን ልጆች ብሎ ይጠይቅ? አባት እንደሞተባቸው ሳያውቁ ሥራቸው ላይ ናቸው።

ፈጣሪ የአቶ ቴክማንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል። የሚታቸውንም ይቀበል እንዳንል፣ ማን ብለን እንደምንለምን አናውቅም።