የታጠቡት ጠርሙሶች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 1990፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሰናይት ዋሸችብኝ። ጠርሙሶቹን በአሲድ አላጠባቸውም አለች፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ ስብሰባ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰው ፊት። ስሜን አልጠራችም። አጣቢያችን ነው ያለችው። በቤተ ሙከራው ያለው አጣቢ አንድ ነው።

ልጻፍልህና ያዘው፣ ደብተሬ። ሌላ የምነግረው የለኝም።

ክረምቱን አብረን በመርከብ ወጣን፤ እሷ ለዶክትሬቷ፣ እኔ ለጠርሙሶቹ። ከሲያትል ብዙ ቀን ርቆ ያለው ባሕር ምግብ የለውም። ጥርት ያለ ሰማያዊ። ግን ዓይን የማያየው፣ ፕላንክተን የሚባል ፍጡር ይኖርበታል። ከፊሉ በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል፤ ሁሉም ይተነፍሳል። የሚሠራው ይበልጣል ወይስ የሚተነፍሰው? ጥያቄው ይኸው ነው። ውሃውን በጠርሙስ እንቀዳለን፤ ግማሹን ብርሃን ላይ፣ ግማሹን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን እናሳድራለን፤ በማግስቱ ኦክስጅኑን እንለካለን።

መጻሕፍቱ የሚሠራው ይበልጣል ይላሉ። የኛ ጠርሙሶች የሚተነፍሰው ይበልጣል አሉ። ብርሃን ላይ የዋለው እንኳ በተቀዳበት ሰዓት ከነበረው ያነሰ ተገኘበት።

አማካሪዋ ፕሮፌሰሩ አላመነም። ጠርሙስ ላይ እድፍ ከቀረ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። እውነት ነው። ስለዚህ ሰናይት እድፍ አስፈለጋት። ፈልጋ እኔን አገኘች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ ጠዋት

ዛሬም አጠብኩ። አሲድ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ንጹሕ ውሃ፣ ደፍቶ ማድረቅ። 

ከእንግዲህ ሙሉ ስሟን አልጽፍልህም። ሰ. ትበቃታለች።

ሰ. ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ የወጣች ናት፤ ጠብታ ማቆም ግን አታውቅም ነበር። ኦክስጅኑን ስትለካ የውሃው ሰማያዊ ቀለም እስኪጠፋ መድኃኒት ጠብ ታደርጋለህ፤ አንድ ጠብታ ካለፈ ልኬቱ ተበላሸ። ሁልጊዜ ታሳልፍ ነበር። ቁጥሩን ተዪው፣ ቀለሙን እዪ አልኳት። እኔ ይህን ማንም አላስተማረኝም። አዲስ አበባ ውሃ መመርመሪያ ቤት በረኛ ሆኜ ገብቼ፣ የተጣለ መመሪያ እያነበብኩ ነው የለመድኩት። አሥር ቀን አጠገቧ ቆምኩ። ሲሳካላት የአባቴ ቦታ ነዎት አለችኝ። አመንኳት።

እድፉንም መርከብ ላይ ሳለን ጠርጥረን ነበር፤ የጠረጠርኩት ራሴ ነኝ። ሦስት ጠርሙስ እንደ ወትሮው፣ ሦስት ደግሞ ሁለት ጊዜ በአሲድ አጠብኩ። ውጤቱ አንድ ሆነ፤ እድፍ አልነበረም። ቁጥሩን መዝገቤ ላይ የጻፈችው እሷ ናት፤ በእጇ። ታውቃለች ማለት ነው። እያወቀች ነው።

ኮሪደር ላይ አገኘኋት። አንገቷን ደፋች። አለፍኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

መጣች። ነገ ጾም ይገባል ብላ ዶሮ ወጥ ይዛ፣ በሁለት አውቶቡስ፣ ቤቴ ድረስ፣ ሬኒየር ቫሊ። ጎረቤቴ ተካ፣ ባለታክሲው፣ እኔ ዘንድ ነበር። እሱ ነው በር የከፈተላት።

«ጋሼ፣ ፕሮፌሰሩ በጣም ፕሬሸር አደረገብኝ» አለች። «ይሄን ዳታ ይዘሽ ዲፌንድ አታደርጊም አለኝ። ሶ ምን ላድርግ?»

ቁጭ በይ አላልኳትም።

ነገሩን አወጣችው። ማክሰኞ ፕ/ሩ ይጠራኛል። ምናልባት ረስቼ ይሆናል ብል ይበቃታል። ማንም አይነካኝም፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ይረዱኛል አለች።

ሽማግሌ ነኝ! ይኸው ነው ያቃጠለኝ።

የረሳሁት የለም አልኳት። ድስትሽን ይዘሽ ሂጂ አልኩ። ድስቱን ትታ እያለቀሰች ወጣች።

ተካ ክዳኑን ከፈተ። «ወልዴ፣ ባሕር ውስጥ ያለ ሻጋታ ተነፈሰ አልተነፈሰ ብለህ ነው ልጅቷን የምታስለቅሳት?»

ሻጋታ አይደለም አልኩት።

«እሺ ይሁን። ዶሮው ግን ምን አጠፋ?»

ብቻውን በላው። እኔ ዳቦ በላሁ። ልጅቷ ከወደቀች በኔ ነው የምትወድቀው፤ ይህን አውቃለሁ። ብነግርህ አንተም እንደ ተካ ትላለህ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሦስታችን ተቀመጥን። ፕ/ሩ ለሕፃን እንደሚያወራ ቃል በቃል እየለየ ጠየቀኝ። አጥበሃል ወይ? አጥቤአለሁ። ሁልጊዜ? ሁልጊዜ። መዝገቡን ከፍቼ ፊቱ አደረግኩ። ስድስቱ ጠርሙሶች ያሉበትን ገጽ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

አነበበ። ወደ እሷ አዞረው፤ ይህ የማን ጽሕፈት ነው አለ።

አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ዝናብ ነበር።

የኔ ነው አለች።

ፕ/ሩ አልተቆጣም። ይቅርታም አልጠየቀኝም። የዶክትሬት ዲፌንሷ ይዘገያል፤ በመጋቢት መርከቡ ሲወጣ እዚያው ቦታ ተመልሳ እንደገና ትለካለች። አጣቢ ያስፈልጋል አለና ወደ እኔ ዞረ። አስባለሁ አልኩ።

በር ላይ ጋሼ ይቅር ይበሉኝ አለች። መዝገቤን ይዤ ወጣሁ። ባሸነፍኩበት ቀን ለምን ደስ እንዳላለኝ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18፣ ጠዋት

ስልኩ ሦስት ጊዜ ጮኸ። እሷ ናት። አላነሳሁም።

ወሰንኩ። እሄዳለሁ። ለሷ ብዬ አይደለም። ያ ባሕር ከሚሠራው በላይ የሚተነፍስ ከሆነ በንጹሕ ጠርሙስ ይታወቅ። ካልሆነም ይታወቅ፤ ተሳስቼ ከሆነ እቀበላለሁ። ግን በእድፍ አይደለም።

የውሃውን ሙቀት ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ። ጠብታ ካሳለፈች አሳልፈሻል እላታለሁ። ከዚያ ውጪ አንድ ቃል የለም። ተካ ትናንት ማታ ምን ደረሳችሁ አለኝ፤ ወሬ ቀየርኩ። ይቅር ብያለሁ ወይ ብለው ቄሱ ቢጠይቁኝም ዝም ነው የምለው። ይህ ነገር ከዛሬ በኋላ ከአፌ አይወጣም፤ በብዕሬም አይጻፍም። አንተም እዚህ ላይ ትዘጋለህ።