አሥር ሴንቲ ያጠረው ዞኮሎ

እትዬ፣

አናጢው አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ሶፋውን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጊላቸው።

ሦስት ሱቅ ዞረሽ የመረጥሽው የእንጨት ዞኮሎ በየግድግዳው ግርጌ አሥር አሥር ሴንቲ ያጠረው በእሳቸው ጥፋት አይደለም። ላግዝዎት ብዬ የለካሁት እኔ ነኝ። የአባባ ሜትር መነሻው ስለተቆረጠ እኛ ቤት ሁሌ አሥር እንቀንስ የለ?
በእሳቸው ደህና ሜትር ለክቼም ቀነስኩ።

የገባኝ አንቺ ፊት "አያዩም እንዴ?" ብዬ ከጮህኩባቸው በኋላ ነው። አንቺም ለእኔ አግዘሽ ተናገርሻቸው። የእኔ ጥፋት መሆኑን ደበቅኩሽ።

በሩ ጋ ያለውን ካርቶን እንዳትጥዪው። ትናንት ትተውት የሄዱት ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከፈትኩት። ከዚያው እንጨት የተቆረጡ፣ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሱ ቁራጮች ናቸው።
ሁሉም ልክ አሥር ሴንቲ።

አውቀውታል፣ እትዬ። ያልነገሩሽ እንዳላፍር ብለው ነው።

ዓይናቸውን ማየት ስላቃተኝ ቀድሜ ወጣሁ።