የነጩ ሳህን ባለቤት የወይዘሮ ብርቄ ቱሳ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ብርቄ ቱሳ ከአባታቸው ከአቶ ቱሳ ጉቱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ማርያም ሣህሌ በ1901 ዓ.ም. ሳጉሬ አጠገብ ተወለዱ። ትምህርት ቤት አልገቡም፤ በሰባት ዓመታቸው ከእናታቸው ጎን ተቀምጠው የሸክላ ጭቃ ማቡካት ጀመሩ። በ1922 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን አቶ ወልደጻድቅን አግብተው አሰላ ገቡ፤ አንዲት ልጅ፣ አባይነሽን፣ ወለዱ። ባለቤታቸው በ1943 ዓ.ም. ዐረፉ።

በአሰላ የእሳቸውን ድስት ያልጣደ ቤት አልነበረም፤ ከእጃቸው ውሃ የሚጠጣ ግን አልተገኘም። ሸክላ ሠሪ ናቸዋ። እሳቸውም «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» እንደሚለው ተረት በገል ይበሉ ነበር።

በ1946 ዓ.ም. እንስራ ያቀርቡላት የነበረች የአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ሚስት ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ከቅድመ አያቶቿ የወረሰችውን የምግብ ማቅረቢያ ሳህን ሰጠቻቸው። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው፣ ነጭ፣ ሰማያዊ አበባና ወፍ የተሣለበት ነበር። ጠርዙ ተሸርፎ ስለነበር አክስታችን ወይዘሮ ብርቄ ከነጩ ሥር ያለውን አዩ፤ ሸክላ ነው። ነጩ ቆርቆሮ ቀልጦ የገባበት ልባስ ብቻ ነበር። የዚያን ቀን ያህል ሲስቁ አላየናቸውም።

በ1949 ዓ.ም. ግዛቸው የተባለ ጸሐፊ አባይነሽን ወድዶ ሽማግሌ ላከ። እህል ካልተቀመሰ ነገር አይቋጭምና፣ አክስታችን ጭኮውን በነጩ ሳህን አቀረቡ። ሽማግሌዎቹ ዕቃው የፈረንጅ ነው ብለው በሉ፤ አንደኛው «ይህስ የጌታ ቤት ዕቃ ነው» ብለው አደነቁ። አክስታችን ደስታው አላስችል ብሏቸው የተሸረፈውን ጠርዝ አዞሩላቸው፤ «አባቶቼ፣ ይሄም እኮ ሸክላ ነው፤ ከኔ ድስት በምን ይለያል?» አሉ። እጅ ሁሉ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ጣታቸውን ጠርገው፣ ቀጠሮ ሳይሰጡ ወጡ። ግዛቸውም ዳግመኛ በዚያ መንገድ አላለፈም። አባይነሽ እናቷን አልወቀሰችም፤ ብትወቅሳቸው ይሻላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነጩን ልባስ ራሴ አወጣዋለሁ ብለው፣ ቆርቆሮ እያቀለጡ፣ የጠርሙስ ስብርባሪ እየፈጩ አምስት ዓመት እሳት አነደዱ። አንዳንዱ አረፋ ደፈቀ፣ አንዳንዱ ጠቆረ፣ የቀረው ተላጠ። አንድም ነጭ አልወጣላቸውም። ጭሱ ደረታቸውን ጨረሰው፤ ታኅሣሥ 9 ቀን 1955 ዓ.ም. በሃምሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ከአባይነሽ በቀር የተዉት ልጅ የለም፤ እሷም ባል አላገባችም። ነጩ ሳህን በቤታቸው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ አናወርደውም። ከቀብር መልስ ንፍሮ ተዘጋጅቷል። የሚቀርበው አክስታችን በሠሩት ሸክላ ነው። የሚቀምስ ይኖራል ብለን ተስፋ አላደረግንም፤ ብቻ ብዙ ቀቅለናል።

ሰውን ከአፈር ሲያበጅ ያልተጸየፈ አምላክ ነፍሳቸውን በእጁ ይቀበል። አሜን።