ስንመለስ ይቀየራል ያልሁህ ቺንጋ

ውዴ ይበልጣል፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህ አልፏል፤ ጥቁሩን ልብስም እናትህ ራሳቸው አስወልቀውኛል። ይህን ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ ልጽፍልህ አልደፈርሁም። የምጽፍልህ እስከ ባለፈው ወር አንተና እኔ ብቻ እናውቀው ስለነበረው ነገር ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ዘንዘልማ አንተ የምታውቃት አይደለችም። ከመኝታ ቤታችን መስኮት ይታይ የነበረው የጤፍ ማሳ ሦስት ቤት ተሠርቶበታል፤ ባጃጅም አሁን እስከ በራችን ይመጣል። ልጃችን ሰላም ጎንደር ኮሌጅ ገብታለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ ሳቋ የአንተን ስለሚመስል አንዳንዴ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ እይዘዋለሁ። እናትህ ከቆላ ድባ መጥተው አብረውኝ ናቸው። በሰላም ክፍል ውስጥ ማለዳ ማለዳ ዳዊት ሲደግሙ እሰማቸዋለሁ።

እኔ ግን ደህና አይደለሁም። መብራት በሄደ ቁጥር ማቀዝቀዣው ድንገት ዝም ሲል እጆቼ ተነሥተው የመኪና መሪ ይፈልጋሉ። ወጥ እያማሰልሁም ቢሆን፣ ልብስ እያጠፍሁም ቢሆን።

መኪናችንን ስንገዛ የቀድሞው ባለቤት ቺንጋዋ መቼ እንደተቀየረ አያውቅም ነበር። ጋሽ ደምሴ፣ መካኒካችን፣ ኮፈኑን ከፍተው ታይሚንግ ቺንጋ የሚባለውን ጥቁር የጎማ ቀበቶ አሳዩህ። የሞተሩን የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል እኩል የሚያስኬደው እሱ መሆኑን፣ ከውጭ ደህና መስሎ ቆይቶ አንድ ቀን ያለ ምንም ምልክት እንደሚበጠስ ነገሩህ። «መቼ እንደገባ የማይታወቅ ቺንጋ ጊዜው ደርሷል ብላችሁ ቁጠሩት» አሉህ። አንተ የፊዚክስ መምህር አይደለህ፣ መነጽርህን አድርገህ ጠርዙን በጣትህ ዳሰስኸው። ስንጥቅ አልነበረውም።

ከሰዓት በኋላ ቤት መጥተህ ጠየቅኸኝ። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣና እስኪገጠም መኪናዋ አራት ቀን ትቆማለች፤ አሁን እናስቀይር ወይስ ቁንዝላ ቤተሰቦቼ ዘንድ ደርሰን ስንመለስ አልኸኝ። እኔ የሕፃኗን የክርስትና ልብስ እየተኮስሁ ነበር። የእህቴ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ነው። መንገዱም ሰላም ነው የተባለው በዚያው ሳምንት ነበር፤ መልሶ ይዘጋ እንደሆነ ማን ያውቃል። ቀና እንኳ ሳልል «ስንመለስ ይቀየራል» አልሁህ።

«እንዳልሽ» አልህና ጫማህን ልታወልቅ ሄድህ።

ያች «እንዳልሽ» እስከ ዛሬ ትሰማኛለች። ፈርተህ ነበር? ልትከራከረኝ ፈልገህ ደስታዬን ላለመንካት ብለህ ተውኸው? ወይስ በእርግጥም ግድ አልነበረህም? ድምፅህን በልቤ ደጋግሜ ባሰማው እንኳ አይለይልኝም።

ክርስትናው እንዴት ያለ ደስ የሚል ነበር። ከአባቴ ጋር ሐይቁ ዳር ጀልባ ማቆሚያው ላይ ተቀምጠህ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲዘረጉ ስታይ አረፈድህ። ሕፃኗን ስትታቀፍ አንገቷን እንዴት እንደምትይዝ ረስተኸው እህቴ ሳቀችብህ። ሰኞ ጠዋት ጉዞ ጀመርን። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደነዳህ «ደረቴን ከበደኝ» ብለህ መኪናዋን ዳር አስያዝህ። ሸሚዝህ በላብ ርሶ ነበር። መሪውን እኔ ተቀበልሁህ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሦስት ወሬ ነው። «ጉድጓዱን እየሸሸሽ፣ ቀስ ብለሽ» አልኸኝ።

ከዚያ ሞተሩ ዝም አለ። አልጮኸም፣ አልጨሰም፤ አንድ ሰው ቁልፉን ያጠፋው ይመስል ዝም አለ። ለጥቂት ጊዜ ከጎማው ሥር የጠጠሩ ድምፅ ብቻ ተሰማኝ፤ ቀጥሎ እሱም ቆመ። ቁልፉን ሳዞረው ከወትሮው ቀልሎ ይሽከረከራል እንጂ አይነሣም። ደግሜ ደጋግሜ አዞርሁት። አንተ ዓይንህን እንደ ጨፈንህ «ተይው» አልህ። «ቺንጋው ነው፤ ተበጥሷል።»

ከዚያ ወዲያ ስለ መኪናዋ አላነሣህም። እኔም አላነሣሁም። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። ወንበርህን ወደ ኋላ አጋደምሁልህ፤ በነጠላዬ አራገብሁልህ። መንገዱን እየወጣሁ አያለሁ፤ ተመልሼ አይሃለሁ። የመኪናዋ ጥላ ሲያጥር አየሁ። በመጨረሻ ሽንኩርት የጫነ የጭነት መኪና መጣ። ሾፌሩ አንዴ አይቶህ አልጠየቀም፤ ከረጢቶቹን መሬት ላይ እየጣለ ቦታ አበጀልን።

ነፍስህ ሐኪም ቤት ካለበት ዱርቤቴ ሳንደርስ ወጣች፤ ራስህ ጭኔ ላይ ነበር። ለሾፌሩ አልነገርሁትም። ከነገርሁት መኪናውን ያቆማል ብዬ ፈራሁ። ሌላ ሞተር ዝም ሲል መስማት አልችልም ነበር።

ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው አለኝ። እኔም አዎ እላለሁ። ወራት ቆይቼ አንዲት ሐኪም ዘንድ ሄድሁና ያ በመንገድ ቆመን ያጣነው ጊዜ ያድነው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ሊያድነው ይችል ነበር፤ ላያድነውም ይችል ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው የለም» አለችኝ። አያድነውም ብትለኝ አምኛት እተኛ ነበር።

መኪናዋን ጋሽ ደምሴ አስጎትተው አመጧት። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ጎብጠው ነበር፤ ሁሉን ጠግነው አዲስ ቺንጋ አስገቡ። ዓመት ሳይሞላው ሄጄ ቀይሩልኝ አልኋቸው። ምክንያቴን ሳይጠይቁ ቀየሩልኝ። ባለፈው ወር ደግሞ ሄድሁ፤ አሁን ግን እምቢ አሉኝ። ገና ብዙ ዓመት እንደሚቀረው፣ ያለ ጊዜው መፍታትና መግጠም ራሱ ብልሽት እንደሚያመጣ አስረዱኝ። የገባበትን ቀንና የመኪናዋን ኪሎ ሜትር ወረቀት ላይ ጽፈው ከኮፈኑ ውስጥ ለጠፉት። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ልጄ፣ ምን ሆነሻል?» አሉኝ። ቁልፉን ተቀብያቸው ሄድሁ።

ቤት ስገባ እናትህ ምስር ይለቅማሉ። ከጎናቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው። አንተ እንደጠየቅኸኝ፣ እኔ ስንመለስ እንዳልሁህ፣ ቀና እንኳ እንዳላልሁ። እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ሰፌዱን አንሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሦስት ቀን ከእግዚአብሔር ይመስገን በቀር ቃል አልተናገሩኝም። ዳዊታቸውንም በለሆሳስ ሆነ የሚደግሙት። ወደ ቆላ ድባ ሊመለሱ ነው ብዬ ልቤን አዘጋጀሁ።

በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ስነሣ ነጠላቸውን አጣፍተው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንተ ካረፍህ ጀምሮ ገብተውባት አያውቁም።

«የቆማችሁበትን አሳዪኝ» አሉኝ።

ቀስ ብዬ ነዳሁ። ቦታውን ከትንሿ ድልድይ አጠገብ ያለች ግራር አሳወቀችኝ። እናትህ ወርደው መንገዱን ወዲያና ወዲህ አዩ፤ ጎንበስ ብለው አፈሩን ነኩት። ፊቱ ወዴት ዞሮ ነበር አሉኝ። ወደ ሐይቁ ነው አልኋቸው። እሳቸውም ወደዚያው ዞረው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ብዙ ቆየን። በሬ የሚነዱ ሁለት ገበሬዎች ሰላምታ ሰጥተውን አለፉ።

«እኔም ብሆን ስንመለስ ነበር የምለው» አሉ በመጨረሻ። «የሰማንያ ቀን ልጅ ክርስትና አይቀርም።» አፈሩን ከእጃቸው እያራገፉ ጨመሩ። «አልተቀየምሁሽም ብዬ አልዋሽሽም። ልጄ ነው። ከቤትሽ ግን አልሄድም።»

ክንዳቸውን ይዤ አስነሣኋቸው። የመኪናዋን በር ከፍቼ አስገባኋቸው፤ ወደ ቤት ተመለስን።

ይበልጣል፣ ቺንጋውን እስከ ጊዜው ልተወው ወስኛለሁ። ከባድ ነው፤ በየማለዳው ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ እስኪነሣ ጆሮዬን ጥዬ እጠብቃለሁ። ግን ወረቀቱን አነባለሁ፣ እነዳለሁ። ለገና ሰላም ስትመጣ ለእሷም እነግራታለሁ፤ አባቷ እንዴት እንደሞተ ከእኔ አፍ ትስማ። ትቆጣኝ ይሆናል፤ ትቆጣ።

አንተን ሳስብ ከዚያ መንገድ ነጥዬ ማሰብ አልችልም፤ ሞክሬ አልሆነልኝም። እንግዲያው ሕፃኗን ታቅፈህ የተደናገጥኸውንም፣ በላብ ርሰህ ጉድጓዱን ሽሺ ያልኸኝንም፣ ሁለቱንም አንድ ላይ እይዛለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ አንዱንም አልጥልም።

ባለቤትህ
ስንታየሁ