እለፉኝ

ጥር 7
እንደ ወትሮው የእንጨት ሥራ ቤቴን ከፈትኩ፤ የበር ሳንቃ ስልግ ዋልኩ። ከሰዓት ገረመው መጣ፣ የቀበሌው ስፖርት ኮሚቴ። የካ ዳገት ላይ የመሰናክል ሩጫ ሊያዘጋጁ ነው... መጀመሪያ የሳንቃ አጥር፣ ከዚያ ቦይ፣ ግንድ፣ ዳገት። አጥሩን እንድሠራ ፈለገ።
«እሠራለሁ። እሮጣለሁም።»
ሳቀ። «ጋሽ ኤርሳዶ፣ እርስዎማ ባንዲራ አውለብልበው ያስጀምሩልን። ክብር ነው።»
ክብሩን ለራሱ ያድርገው! ይህን ሁሉ ዘመን ዳገት የሮጥኩት ባንዲራ ለማውለብለብ ነው?

ጥር 9
ሩጫው በቡድን ነው አሉ፤ የአምስቱም አባላት ሰዓት ይደመራል። ጋራዥ የሚሠራው የጎረቤቴ ልጅ ሐሩን አንድ ሰው ጎድሎታል። ሄድኩ። «አለሁ» አልኩት። ራሱን አከከ። «እሺ አባባ።»
ሚስቴ ወርቄ ሰማች። «አንተ ሰውዬ፣ እግርህን ሰብረህ በዚህ ዕድሜዬ አስታማሚ ልታደርገኝ ነው?»
የሩጫ ጫማዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ።

ጥር 16
የካ ጫካ፣ ልምምድ። የቡድኑ ልጆች የሚሮጡት በሰልፍ ነው፣ አንዱ የአንዱን ዱካ እየረገጠ። እኔ ፊት ሆንኩ። ቀጥ ያለውን ዳገት በሙሉ ኃይሌ ወጣሁ። አንድም ያለፈኝ የለም። አንድም!

ጥር 21
ዛሬም አላለፉኝም። ጫፍ ላይ ደርሼ ዞር ስል... አንዳቸውም አላላባቸውም። መንግሥቱ የሚባለው ጭራሽ ያፏጫል። እኔ ትንፋሼ ሊቆረጥ ነው። ያኔ ገባኝ።
«ለምንድን ነው የማታልፉኝ?»
ሐሩን መሬት መሬት አየ። «አባባ፣ ትልቅ ሰው ቀድሞ መሄድ... ነውር ነው።»
«ነውሩ በእኔ ይሁን፣ እለፉኝ!»
«እንዴት አድርገን?»
«በእግራችሁ!»
መንግሥቱ በሳቅ ሞተ። አላለፉኝም ግን። ቀስ ስል ቀስ ይላሉ። እንዲህ እያከበሩኝ ሊሸነፉ ነው። ገረመውም «አላልኩም?» ሊል።

የካቲት 3
ጉልበቴ አብጧል። ለወርቄ አልነገርኳትም።

እሑድ የካቲት 10
ሩጫውን ለማስጀመር ባንዲራውን ገረመው ራሱ ያዘው። አጥሩ ሥር ስንደርስ አራቱም ቆሙ።
«አባባ ይቅደሙ፣ እኛ ደግፈን እናወጣዎታለን።»
ሌሎቹ ቡድኖች እየተሻገሩ ነው። እጄን ሳንቃው ላይ ተክዬ ጎንበስ አልኩ።
«ጀርባዬን ርገጡና ውጡ!»
«ኧረ በአላህ አባባ!» አለ ሐሩን።
«ርገጥ ብዬሃለሁ!»
ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አይልም?
«በጫማህ!»
ረገጠኝ። አራቱም ረገጡኝ። መንግሥቱ ከላይ ሆኖ እጁን ዘረጋልኝ። «ሂድ!» አልኩት። ሄዱ... ወደ ኋላ ሳያዩ።
ብቻዬን ቀረሁ። ወደቅሁ። ደግሜ ወደቅሁ። ከዚያ ወጣሁ።
ዳገቱን ስጨርስ ሰው መበተን ጀምሯል። ገረመው ሰዓቱን ይዞ «ጋሽ ኤርሳዶ፣ ይበቃዎታል እኮ» አለኝ።
«መስመሩን አልፌ ነው የሚበቃኝ።»
አለፍኩ። «አሁን ጻፍ» አልኩት። ጻፈ። የእኔን መዘግየት የልጆቹ ፍጥነት ክሶት ቡድናችን ሦስተኛ ወጣ።

የካቲት 13
ወርቄ ጀርባዬ ላይ የጫማ ሰንበር አይታ እሪ ልትል ምንም አልቀራትም። «ማነው የረገጠህ?» «ራሴ ነኝ ያዘዝኳቸው።»
ጠዋት የካ ነበርኩ። ዳገቱ መሃል ላይ ሐሩን አለፈኝ። ቀጥሎ መንግሥቱ፣ በትከሻው ገፋ አድርጎኝ። ይቅርታ እንኳ አላለም፣ ስድ! ሁሉም አለፉኝ፤ ሁሉም በላብ ርሰዋል። አቧራቸውን ጠጣሁ። ሰው ሲያልፈኝ ደስ ያለኝ ዛሬ ገና ነው።
ዓርብ ግን መንግሥቱን እይዘዋለሁ።