እናትሽ የለመነችን መስኮት

ጣሊያንኛ እንደምሰማ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የወተትና የዱቄት ማሸጊያ ላይ በሦስት ቋንቋ የተጻፈውን ጎን ለጎን እያነበብኩ ብቻዬን ነው የተማርኩት። እናትሽ ለእናንተ ለልጆቿ ስላላስተማረች፣ እኔም የማልሰማ መስሏት አጠገቤ ቆማ በስልክ ለእህቷ «ይቺ ልጄን በድንች ፈጀችው» ትል ነበር። ልትሞት ስትል በጣሊያንኛ የለመነችንን «ምን አለች?» ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ ሐሜቷን ስሰማ መኖሬ እንዳይታወቅ «እኔ ምን አውቄ» አልኩሽ።

ዛሬ እናትሽ የተወለደችበት መንደር ነኝ። ባረፍኩበት ክፍል ግድግዳ ላይ በሳንቃ የተዘጋች ትንሽ መስኮት አለች፤ እኛ ዙሪክ እንዲህ ያለ የለም።

«ኧረ እናቴ፣ እሷን እንዳትነኪ!» አለችኝ የቤቱ ባለቤት ኦርኔላ። «የሟች ነፍስ መውጫ ናት። ነፋስ ካማረሽ ትልቁ መስኮት አለልሽ።»

ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ሲወርድ ሳንቃው ተንኳኳ። የተንኳኳው ከውጭ አይደለም፣ እኔ ካለሁበት ከክፍሉ ውስጥ ነው። ከፈትኩት። በሩም ትልቁ መስኮትም ዝግ ሳለ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ከኋላዬ መጥቶ ጆሮዬን ነክቶኝ ወጣ።

ኦርኔላ ገብታ አየች። «ማን ሞተብሽ?»

«አማቴ» አልኳት በጣሊያንኛ። «ከሞተች አሥር ዓመቷ ነው።»

አማተበች። «ታዲያ እስከ ዛሬ የት አስቀመጣችኋት?»

እናትሽ ልትሞት ስትል «ትንሿን መስኮት ክፈቱልኝ» ነበር ያለችው። ብትቀየሚኝ አልፈርድብሽም። እዚህ ከመጣሽ ቀድመሽ በጣሊያንኛ ሰላም በያቸው፣ ፊታቸው ይፈታል። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀ። ካርዱም የእናትሽ ቃልም ያንቺ ነው፣ ሬጉላ።