ስውሩን ቁጥር የያዘው ሰው

ጥር 6

ማሞቂያው ዛሬም አልሠራም። ካፖርቴን ሳላወልቅ ዋልኩ። ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳሁት... ያው ነው። ዓለም ገና ትኩስ ሳለች የለቀቀችው ብርሃን ዛሬም ማይክሮዌቭ በሚባል የማይታይ ሞገድ ከየአቅጣጫው ይደርሰናል። በየትም በኩል አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት። ግን በአንደኛው የሰማይ ግማሽ የሞቁትና የቀዘቀዙት ነጥቦች ልዩነት ይጎላል። ለምን? የተቀጠርኩት ይህን እንዳስረዳ ነው።

ልዩነቱ ወዴት እንደሚያጋድል ግን ገና አላውቅም። አብሮኝ ይሠራ የነበረው ልጅ ለሌላ ሥራ ከመሄዱ በፊት ፕሮግራሙ ውስጥ ስውር ቁጥር አስገብቷል፤ መልሱ የሚወጣልኝ በዚያ ቁጥር ልክ አቅጣጫው ዞሮ ነው፤ ቁጥሩን ካላወቅኩ እውነተኛውን አላይም። የቡድናችን ልማድ ነው። የምንመኘውን አቅጣጫ እንዳናይ።

"ስትጨርሺ ደውዪልኝ፣ ቁጥሩን እነግርሻለሁ" አለኝ፣ ሻንጣውን እየጎተተ። ዓመት ሆነው።

ጥር 9

እማዬ ደወለች። "ልጄ ማይክሮዌቭ ላይ ነው የምትሠራው ብዬ፣ ጎረቤቴ የተበላሸባትን ልታመጣልሽ ነው" አለች። ሳቅን። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ።

"ያ ልጅስ?"

"ሥራ በዝቶበታል።"

"ዓመት ሙሉ? እህል ውኃችሁ አልቆ እንደሆነ እወቂው። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብሽ።"

ሥራዬ ሰማይ ነው አልኳት። አልሳቀችም።

ጥር 15

አለቃችን በሩ ላይ ቆሞ "አላለቀም እንዴ?" አለ። መሣሪያውን አንድ ጊዜ ልፈትሽ አልኩት።

ውሸት። መሣሪያውን ፈትሼ የጨረስኩት ታኅሣሥ ላይ ነው። የቀረው ቁጥሩ ብቻ። ማጋደሉ እኛ ወደምንሮጥበት አቅጣጫ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ መሬት ከነፀሐይዋ ስትሮጥ የፈጠረችው ነው። ወደ ሌላ ከሆነ ግን...

ታዲያ ለምን አልደውልም? ከደወልኩ ያበቃላ። ቁጥሩን ይነግረኛል፣ አመሰግናለሁ እላለሁ። ከዚያ በኋላ በምን ሰበብ እደውላለሁ? ሲያስብ ጥርሱን በእስክሪብቶ ይመታ ነበር። ያናድደኝ ነበር። አሁን ያንንም እንኳ እፈልገዋለሁ። ይናፍቀኛል።

ጥር 21

ዛሬም አልደወልኩም።

ጥር 23

ዓይኔን በጨው አጥቤ ደወልኩ። ምን እንደምል ጠዋት ተለማምጄ ነበር።

"እንዴ፣ አንቺ ነሽ? ሰላም ነው?"

"ጨረስኩ።"

"ምኑን?"

"ሥራውን። ቁጥሩን ንገረኝ።"

"እኔ ጋ የለም እኮ። ስሄድ ለአለቃችን ሰጥቼው ነው የመጣሁት። አልነገረሽም?"

"ስትጨርሺ ደውዪልኝ ብለኸኝ ነበር።"

"ብዬ ነበር?"

በክፋት አይደለም። ረስቶታል። ስልኩን ልዘጋ ስል "ናፍቀኸኛል" አልኩት። እሱን አልተለማመድኩትም ነበር።

"እኔም ናፍቃችሁኛል፣ ሁላችሁም" አለ።

ጥር 24

የአለቃችን ቢሮ ከኔ ቢሮ ፊት ለፊት ነው። ፍተሻው ታኅሣሥ ላይ ማለቁን ነገርኩት፤ ቁጥሩን ከኮምፒውተሩ ላይ አነበበልኝ። "ታኅሣሥ ላይ ብትጠይቂኝ ኖሮ ያኔ እሰጥሽ ነበር" አለ። ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ጋ ነው ብዬ ስጠብቅ...

አስገባነው። ማጋደሉ ወደ ሩጫችን አይደለም። ከእኛ በፊት ሰማዩን ያጠኑትም ያዩት ቦታ ላይ ነው። ዕድል ይሆን? ሊሆን ይችላል። ያለን ሰማይ አንድ ነው፤ ሌላ አምጥተን አናወዳድረውም። ጽሑፉ ላይ "ምክንያቱን አላወቅንም" ብዬ ጻፍኩ። ለእማዬም ነገርኳት።

"ይህን ሁሉ ለፍተሽ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ድምፅሽ ምነው ደህና ሆነ?"

ደወልኩለት አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ጥር 30

ጽሑፉ ተላከ። አሁንም ይናፍቀኛል። ምሳ ሰዓት ላይ በጣም።

ከሰዓት አለቃችን የአዲሱን ካርታ ሥራ ይዞ መጣ። ስውሩን ቁጥር ማን ይያዘው? ውጭ ካሉት ለአንዱ እንስጠው እንዴ? አለ።

"አንተው ያዘው" አልኩት። "ባለቀ ቀን መጥቼ እወስደዋለሁ።"